የማይምማጂክ ጉዳይ፦ አንድ የዳታ ፋይል የብዙ ፕሮጀክቶችን ፈቃድ ሲያናጋ

እ.ኤ.አ. በማርች 2021 የመጨረሻ ሳምንት በሩቢ ኦን ሬይልስ (በሩቢ ቋንቋ ድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ) የሚሠሩ ብዙ ቡድኖች አንዲት መስመር ኮድ ሳይነኩ ቢልዳቸው (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልጉት ፓኬጆች ጋር የሚያዘጋጀው ሂደት) ተበላሸ። ማታ አረንጓዴ የነበረው ጠዋት ቀይ ሆኖ ተገኘ። የስህተቱ መልእክት በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ «ፕሮጀክታችሁ ማይምማጂክ 0.3.5 ላይ ተቆልፏል፤ ይህ ቨርዥን ግን ከዘረዘራችኋቸው ምንጮች በአንዱም አልተገኘም።» ብዙዎቹ ማይምማጂክ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቁት ገና ያኔ ነው። ጀምፋይላቸው ውስጥ፣ ማለትም ፕሮጀክታቸው የሚፈልጋቸውን ጀሞች (የሩቢ የኮድ ፓኬጆች) በሚዘረዝረው ፋይል ውስጥ፣ ጽፈውት አያውቁማ።

ሰርቨር አልወደቀም። የተጠለፈ አካውንትም የለም። ነገሩ ከላይ እስከ ታች የላይሰንስ (የሶፍትዌር ፈቃድ) ጉዳይ ነበር።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ሁሉም ነገር በአደባባይ ስለተደረገና እርምጃ በእርምጃ መከታተል ስለሚቻል ነው። ደግሞም የማይጣጣም ፈቃድ ሲያጋጥም ካሉት መውጫዎች ሦስቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተራ በተራ ተሞክረውበታል። እንዲህ ያለ ጉዳይ እንደልብ አይገኝም። ሰዎቹን በስም አልጠራም፤ ጉዳዩን ለመረዳት ማንነታቸው አያስፈልግም።

ጀሙ ምን ይሠራ ነበር?

ተጠቃሚ ፋይል ሲጭን ፕሮግራሙ የፋይሉን ዓይነት ማወቅ አለበት። የፋይሉን ስም ብቻ አይቶ ማመን አያዋጣም፤ ማንም ሰው ቅጥያውን ቀይሮ «ይሄ ፎቶ ነው» ማለት ይችላል። ስለዚህ የፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያሉት ባይቶች ይታያሉ። ለምሳሌ የፒኤንጂ ምስል ሁሌም በእነዚህ 8 ባይቶች ይጀምራል፦ 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10። እነዚህን ካላገኛችሁ ስሙ ምንም ቢል ፋይሉ ፒኤንጂ አይደለም። ማይምማጂክ ይህንን ምርመራ የሚሠራ ትንሽ የሩቢ ጀም ነው።

ውስጡን ስታዩት ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንዱ ኮዱ ነው፤ ባይቶቹን አንብቦ ከሰንጠረዥ ጋር ያመሳክራል። ይሄ አጭር ነው፣ ልምድ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ሌላው ሰንጠረዡ ነው፤ የትኛው የፋይል ዓይነት በየትኛው ባይት እንደሚጀምርና የትኛውን ቅጥያ እንደሚይዝ ይዘረዝራል። ከባዱ ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ለዓመታት ያጠራቀመው ነገር ነው።

የማይምማጂክ አዘጋጆች ሰንጠረዡን ከዜሮ አላጠናቀሩትም። ፍሪዴስክቶፕ በሚባለው ፕሮጀክት ሥር ካለውና የሊነክስ ዴስክቶፖች ከሚጠቀሙበት ሼርድ ማይም ኢንፎ ነው የወሰዱት። የኤክስኤምኤል ፋይሉን (ዳታው በጽሑፍ የተዋቀረበትን) ሪፖዚተሪያቸው (የፕሮጀክቱ ኮድ ማከማቻ) ውስጥ አስቀመጡ። አንድ ስክሪፕት ፋይሉን አንብቦ የሩቢ ሰንጠረዥ ያመነጫል፤ የተመነጨው ሰንጠረዥ ከጀሙ ጋር አብሮ ይሰራጫል።

ጀሙ ግንባሩ ላይ የለጠፈው ፈቃድ ኤምአይቲ የሚባለው፣ ብዙም ግዴታ የማይጥለው ነበር። ሬይልስም ኤምአይቲ ነው። ሬይልስ ውስጥ ያለው አክቲቭ ስቶሬጅ (የተጫኑ ፋይሎችን የሚይዘው ክፍል) ማርሴል የሚባል ጀም ይጠቀማል፤ ማርሴል ደግሞ ያኔ በተራው ማይምማጂክን ይጠራ ነበር። ስለዚህ አዲስ የሬይልስ ፕሮጀክት የከፈተ ሰው ሳያውቀው ማይምማጂክን ይዞ ይጀምር ነበር። በጊዜው ሲነገር እንደነበረው፣ በጀሙ ላይ የተንጠለጠሉት ሪፖዚተሪዎች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

ችግሩ እንዴት ወጣ?

የኤክስኤምኤሉ ፋይል አናት ላይ ማስታወሻ አለ። ማስታወሻው ፋይሉ ከበርካታ ነባር የማይም ዳታቤዞች ተዋህዶ የተሠራ መሆኑን፣ እነዚያም በሙሉ በጂፒኤል (ከሱ የተሠራ ነገር በዚያው ፈቃድ እንዲወጣ በሚጠይቀው ፈቃድ) የወጡ መሆናቸውን ይናገራል። የተደበቀ ነገር አልነበረም። ፋይሉን የከፈተ ሰው ሁሉ ያየዋል። ግን የኤክስኤምኤል ፋይል አናት ማን ያነባል?

አንድ ቀን የሼርድ ማይም ኢንፎ ሜይንቴይነር (ፕሮጀክቱን የሚንከባከበው ሰው) ይህንን አየ። የማይምማጂክ ሪፖ (ሪፖዚተሪ) ላይ ኢሹ (የችግር ማሳወቂያ) ከፍቶ፣ የጂፒኤል ፋይል ተጠቅማችሁ ሥራውን በኤምአይቲ ማውጣት አትችሉም አለ። አባባሉ ጨዋና አጭር ነበር። የተናገረውም ትክክል ነው።

ለምን ትክክል እንደሆነ እንይ። ኤምአይቲ የሚጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ የቅጂ መብት ማስታወሻውንና የፈቃዱን ጽሑፍ ከኮዱ ጋር አቆዩልኝ ይላል፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጂፒኤል ቨርዥን 2 ግን በክፍል 2 ላይ ጠበቅ ያለ ቃል አለው። ከእኔ የተወሰደ ወይም ከእኔ የመነጨ ነገር በሙሉም ሆነ በከፊል የያዘ ሥራ ስታሰራጩ፣ ሥራው እንዳለ በዚሁ ፈቃድ ሥር ይውጣ ይላል። ክፍል 6 ደግሞ በተቀባዩ ላይ ተጨማሪ ገደብ አትጣሉ ይላል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ተኳኋኝነት አቅጣጫ ያለው መሆኑ ነው። የኤምአይቲ ኮድ ጂፒኤል ሥራ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ የኤምአይቲን ማስታወሻ ማቆየት ብቻ ነው የሚጠበቀው። የጂፒኤል ኮድ ግን ኤምአይቲ ተብሎ ሊወጣ አይችልም። ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ እንደማይፈስ ማለት ነው። ብዙ ሰው «ሁለቱም ኦፕን ሶርስ አይደሉ እንዴ?» ይላል። ናቸው። ሁለት ፈቃዶች ሁለቱም ነፃ ሆነው ባንድ ሥራ ውስጥ ላይገጥሙ ይችላሉ።

ክርክሮቹ

ኢሹው ከተከፈተ በኋላ ብዙ ሰው ተንጫጫ። ከክርክሮቹ ሦስቱ በየፕሮጀክቱ ስለሚነሱ ቆም ብሎ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው «ይሄ ዳታ እንጂ ኮድ አይደለም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ፒኤንጂ በ137 መጀመሩ ተራ እውነታ ነው፤ እውነታ ደግሞ የቅጂ መብት ባለቤት የለውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 በስልክ ማውጫ ጉዳይ ላይ፣ በፊደል ተራ የተደረደረ የስም ዝርዝር የፈጠራ ብልጭታ ስለሌለው ጥበቃ አያገኝም ብሏል። ግን ያው ፍርድ ቤት የእውነታዎች አመራረጥና አደራደር ራሱ ፈጠራ ያለበት ሲሆን ጥበቃ እንደሚኖረውም ተናግሯል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መመሪያ ለዳታቤዝ ራሱን የቻለ መብት ሰጥቷል። ስለዚህ «ዳታ ነው» ማለት ለጠበቃ የክርክር መነሻ ይሆነዋል፤ ለሜይንቴይነር ግን መተማመኛ አይሆነውም። በዓለም ዙሪያ የሚወርድ ጀም የሚያወጣ ሰው በአንድ አገር ሕግ ብቻ ሊጽናና አይችልም።

ሁለተኛው «እኛ ኤክስኤምኤሉን አላሰራጨንም፣ ከእሱ የተመነጨ የሩቢ ፋይል ነው ያሰራጨነው» የሚል ነው። ይሄ በጣም ደካማ ነው። ስክሪፕቱ ያደረገው የዚያኑ ሰንጠረዥ ይዘት በሌላ ቅርጽ መጻፍ ነው። አንድን ፕሮግራም ኮምፓይል ስላደረጋችሁት (ወደ ማሽን ቋንቋ ስለቀየራችሁት) ፈቃዱ አይለቀውም፤ እዚህም እንደዚያው ነው። የመነጨ ፋይል የምንጩን ፈቃድ ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛው ክርክር ግን ሚዛን ይደፋል፦ «እኔ ሰርቨር ላይ ነው የማስኬደው፤ ለማንም ኮድ አልሰጥም» የሚለው። ጂፒኤል ቨርዥን 2 ግዴታውን የሚያስረው ከመቅዳት፣ ከማሻሻልና ከማሰራጨት ጋር ነው፤ ፕሮግራሙን ማስኬድ አይገደብም። ድረ ገጽ ብቻ የሚያቀርብ ኩባንያ ኮዱን ለማንም ካልሰጠ «ሶርስ ኮድህን አውጣ» የሚባልበት መንገድ የለም። ይህንን ክፍተት የሚደፍነው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኤጂፒኤል ነው፤ እሱ ካሻሻላችሁት በኔትወርክ በኩል ለሚጠቀሙትም ሶርስ ኮዱን ስጡ ይላል። እዚህ ግን ኤጂፒኤል አልነበረም። በዚያ ሳምንት «ኮዳችንን በሙሉ ልንለቅ ነው ወይ?» ብለው ከተደናገጡት ውስጥ ብዙዎቹ ባይደናገጡም ይችሉ ነበር።

ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካው ሌሎችን ነው። ጀሙን የሚያወጡት ሰዎች ያሰራጫሉ። ሶፍትዌራቸውን ደንበኛው ማሽን ላይ የሚጭኑ ድርጅቶችም ያሰራጫሉ። ሬይልስ ደግሞ ለሁሉም ሰው «ኤምአይቲ ነኝ» እያለ በጂፒኤል ጀም ላይ መደገፍ አይችልም፤ ከሱ በታች ያለው ሰው ሁሉ ያንን ቃል አምኖ ነው የሚሠራው።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ፈቃዱን መቀየር

የማይምማጂክ ሜይንቴይነሮች ፈጥነው ነው የተንቀሳቀሱት። 0.3.6 እና 0.4.0 የተባሉ ሪሊዞችን (አዲስ ቨርዥኖችን) በጂፒኤል 2 አወጡ። 0.3.5ን ጨምሮ ቀደም ያሉትን ቨርዥኖች ደግሞ ከሩቢጀምስ (ጀሞች ከሚወርዱበት ማከማቻ) ያንክ አደረጓቸው፣ ማለትም አነሷቸው። ያንክ የተደረገ ቨርዥን ከዚያ በኋላ አይጫንም። ቢልዶቹን የሰበረው ይህ ነው።

በፈቃድ ዓይን ካያችሁት ውሳኔው ንጹሕ ነው። ሳይፈቀድ ሲሰራጭ የነበረው ቆመ፣ አዲሱም በትክክለኛ ስሙ ወጣ። በተግባር ግን ሁለት ጣጣ አመጣ።

አንደኛው ግልጹ ነው፤ መተኪያ ሳይዘጋጅ አሮጌው ተነሳ። የፈቃድ ጥሰት ሲታወቅ ማሰራጨትን ማቆም ተገቢ መሆኑን አልክድም። ግን ለዓመታት የኖረ ስህተት ነበር። ባለመብቱን አነጋግሮ፣ መጀመሪያ መተኪያውን አውጥቶ፣ ከዚያ አሮጌውን ማንሳት ይቻል ነበር ባይ ነኝ። ባለመብት ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ነገሩ እንዲስተካከል ነው እንጂ የሰው ሥራ እንዲቆም አይደለም።

ሁለተኛው ጣጣ ብዙም ሳይወራለት ያለፈ ነው፤ ለእኔ ግን የጉዳዩ ዋና ትምህርት ያለው እዚህ ነው። ማርሴል ያኔ ማይምማጂክን ይፈልግ የነበረው «0.3.2 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ግን ከ0.4 በታች» ብሎ ነው። 0.3.6 ይህንን ያሟላል። ስለዚህ ቢልዱ የተሰበረበት ሰው የለመደውን «ባንድል አፕዴት» (ጀሞችን የሚያድስ ትእዛዝ) ሲያዝ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ይሆናል። ቴስቱ ያልፋል፣ ዲፕሎይ ይደረጋል (ወደ ሥራ ይገባል)። በሎክ ፋይሉ (የእያንዳንዱ ጀም ቨርዥን በሚቆለፍበት ፋይል) ውስጥ የተቀየረችው አንዲት ቁጥር ናት፣ 5 ወደ 6። ከጀርባው ግን ፈቃዱ ከኤምአይቲ ወደ ጂፒኤል ተገልብጧል።

የቨርዥን ቁጥር ስለ ኤፒአይ (ኮዱ በሌላ ኮድ ስለሚጠራበት መንገድ) ነው የሚናገረው፤ ስለ ፈቃድ ምንም አይልም። የመጨረሻዋ አኃዝ ስትቀየር «ትንሽ ጥገና ነው» ብለን እናልፋለን። እዚህ ላይ ከዚያች አኃዝ ጀርባ የተቀየረው ፕሮጀክቱ በሙሉ ሊከተለው የሚገባ ውል ነው።

አቋራጩ

መድረኮች ላይ በፍጥነት የተሰራጨ መፍትሔ ነበር። ጀምፋይሉ ውስጥ ማይምማጂክን በቀጥታ ከጊትሃብ (ሪፖው ካለበት ድረ ገጽ)፣ የ0.3.5ን ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ጠቅሶ መሳብ። አንድ መስመር ኮፒ ፔስት፣ አለቀ። ቢልዱ ይነሳል።

ለአንድ ማታ ማስታገሻነት ይሆናል። እንደ መፍትሔ ግን ከንቱ ነው፤ ያንክ የተደረገው ኮድ ውስጥ የነበረው ጂፒኤል ሰንጠረዥ አሁንም እዚያው አለ። ሰውየው የመለሰው ጀሙን ብቻ ሳይሆን ጥሰቱንም ጭምር ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ መስመሯ እዚያው ተረስታ መቅረቷ ነው። ጀሞቻቸውን ሪፖው ውስጥ ወይም የራሳቸው ሚረር (ቅጂ ማከማቻ) ላይ ያስቀመጡ ቡድኖችም ቢልዳቸው አልተሰበረም። ትልቅ ጥቅም ነው፣ ግን በዚያው ልክ ችግሩን ሳያዩት ሊያልፉ ይችላሉ። ቀይ መብራት ያልበራበት ሰው ምን አስቸኩሎት ያያል?

ሁለተኛው እርምጃ፦ ፋይሉን ማውጣት

ወዲያው 0.3.7 መጣ። ፈቃዱ ወደ ኤምአይቲ ተመለሰ፤ የጂፒኤሉ ፋይልና ከእሱ የተመነጨው ሰንጠረዥ ግን ከጀሙ ወጡ። በምትኩ ጀሙ ዳታቤዙን የተጫነበት ማሽን ላይ ይፈልጋል። ካጣው «ሼርድ ማይም ኢንፎን በኦፐሬቲንግ ሲስተማችሁ ፓኬጅ ማኔጀር ጫኑ፣ ወይም ፋይሉን አምጥታችሁ ያለበትን ቦታ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ንገሩኝ» ብሎ ይቆማል።

ሐሳቡ ብልህ ነው። የማይምማጂክ የራሱ ኮድ ሁሌም ቢሆን የጸሐፊዎቹ ስለሆነ በኤምአይቲ መስጠት መብታቸው ነው። የጂፒኤሉን ፋይል ደግሞ ተጠቃሚው ከባለቤቱ፣ በራሱ ፈቃድ፣ ለብቻው ያገኘዋል።

በተግባር ግን ሸክሙ ወደ ተጠቃሚው ዞረ። በላፕቶፑ ላይ የሊነክስ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ፋይሉ ስላለው ምንም አላየም። ኮንቴይነር (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የያዘ ጥቅል) ውስጥ የሚሠራው ግን ዶከርፋይሉ (የጥቅሉ አሠራር መመሪያ) ላይ አንድ የመጫኛ መስመር መጨመር ነበረበት፤ ቀጫጭን ኢሜጆች (ኮንቴይነር የሚነሳባቸው ፋይሎች) ዴስክቶፕ ነክ ነገር አይዙም። ማክ የሚጠቀመው ደግሞ በሆምብሪው (በማክ ላይ በሚሠራ ፓኬጅ ማኔጀር) መጫን ነበረበት። «እኔ ማሽን ላይ ይሠራል» የሚባለው የታወቀ ጭቅጭቅ እንደገና ተነሳ።

ደንበኛ ጋ የሚሄድ የኮንቴይነር ኢሜጅ ለሚያዘጋጅ ሰው አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ይጨመራል። ኢሜጁ ውስጥ ሼርድ ማይም ኢንፎን ከጫናችሁ፣ አሁን የምታሰራጩት እናንተ ናችሁ። ጂፒኤል ጎን ለጎን ባንድ ማከማቻ መቀመጥን እንደ አንድ ሥራ አይቆጥረውም፤ ስለዚህ የእናንተ ኮድ ጂፒኤል አይሆንም። የዚያ ፓኬጅ ሶርስ ኮድ ግን ለተቀባዩ መቅረብ አለበት። ይህንን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ሦስተኛው እርምጃ፦ መተካት

እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2021 ሬይልስ 5.2.5፣ 6.0.3.6 እና 6.1.3.1 የተባሉ ሪሊዞችን አወጣ። ሦስቱም ወደ ማርሴል 1.0 ተሸጋገሩ። ይህ ማርሴል ማይምማጂክን አይጠራም።

የማርሴል ሰዎች ያደረጉት ነገር ለእኔ የጉዳዩ ምርጥ ክፍል ነው። ከማይምማጂክ የኤምአይቲውን ኮድ፣ ማለትም ባይት የሚያመሳክረውን ክፍል፣ ወሰዱ። ያ ኮድ መቼም ችግር አልነበረበትም። ሰንጠረዡን ግን ከሌላ ቦታ አመጡ፣ ከአፓቺ ቲካ። ቲካ ሰነዶችን የሚያነብ የጃቫ ፕሮጀክት ነው፤ የራሱ የፋይል ዓይነቶች ኤክስኤምኤል አለው፣ ፈቃዱም አፓቺ 2.0 ነው። የኤክስኤምኤሉ አወቃቀር ከፍሪዴስክቶፑ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ምንጩ ግን ሌላ ነው። አሠራሩም ያው ነው፦ ኤክስኤምኤል፣ ስክሪፕት፣ የተመነጨ የሩቢ ሰንጠረዥ።

ከዚያ በኋላ የጻፉትን ተመልከቱ። የማርሴል መግለጫ ማርሴል ራሱ ኤምአይቲ መሆኑን፣ ከፊሉ ከማይምማጂክ የተወሰደና ያም ኤምአይቲ መሆኑን፣ የባይት ምልክቶቹ ዳታ ደግሞ ከአፓቺ ቲካ የተወሰደና በአፓቺ ፈቃድ ሥር መሆኑን ለየብቻ ይናገራል። የአፓቺ ፈቃድ ሙሉ ጽሑፍም በራሱ ፋይል ሪፖው ውስጥ ተቀምጧል። ኮዱን ለብቻ፣ ዳታውን ለብቻ። መጀመሪያ ላይ የጎደለው ይኸው ነበር።

ግን ይሄም ለሁሉም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አፓቺ 2.0 ፓተንትን (የፈጠራ ባለቤትነት መብትን) የሚመለከት አንቀጽ አለው፤ በሥራው ላይ የፓተንት ክስ የመሠረተ ሰው የፓተንት ፈቃዱን ያጣል። የጂፒኤል አውጪ የሆነው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ይህንን ጂፒኤል 2 የማያውቀው ተጨማሪ ገደብ አድርጎ ስለሚያየው፣ አፓቺ 2.0 ከጂፒኤል 2 ጋር አይጣጣምም ይላል። ከጂፒኤል 3 ጋር ግን ይጣጣማል፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ። እንግዲህ የሬይልስ አፕሊኬሽናችሁን «ጂፒኤል ቨርዥን 2 ብቻ» ብላችሁ የምታሰራጩ ከሆነ፣ ሌላውን ያዳነው መተኪያ ለእናንተ አዲስ ጥያቄ ነው። «ቨርዥን 2 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ» ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ቨርዥን 3ን መርጣችሁ ታልፋላችሁ። አንዲት ሐረግ ናት ልዩነቱ።

አክቲቭ ስቶሬጅን የማይጠቀሙ አሮጌ ፕሮጀክቶች ይህ መፍትሔ አልደረሳቸውም። ለምሳሌ ያኔ እንክብካቤው ተቋርጦ የነበረው ፔፐርክሊፕ የሚባል የፋይል መጫኛ ጀም ማይምማጂክን በቀጥታ ይጠራ ነበር። እሱን የያዘ ሰው ወይ 0.3.7ንና ተከታዮቹን ከነሸክማቸው መቀበል፣ ወይ ፔፐርክሊፕን መተው ነበረበት።

ያልተሞከረው መንገድ

አራተኛ መውጫም አለ፤ ባለመብቶቹን «ይህንን ፋይል በሌላ ፈቃድም ስጡን» ብሎ መጠየቅ። ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ በተለይ ባለመብቱ አንድ ሰው ሲሆን። እዚህ ግን ሰንጠረዡ ከበርካታ የጂፒኤል ዳታቤዞች የተዋሃደ ነው፤ አንድ ሜይንቴይነር ቢስማማም የሌሎቹን መብት ሊሰጥ አይችልም። ቪኤልሲ የተባለው ቪዲዮ ማጫወቻ ሞተሩንና አብዛኞቹን ሞጁሎቹን ከጂፒኤል ወደ ኤልጂፒኤል (ላላ ወዳለው የጂፒኤል ዘመድ) ሲያዛውር በመቶዎች የሚቆጠሩ የኮድ ጸሐፊዎችን እየፈለገ ማስፈቀድ ነበረበት፤ ሥራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ቢልዱ ለተሰበረበት ሰው ያ መንገድ አይሆንም።

ወደ ሌላ ፕሮጀክት ምን ይሻገራል?

ይህ ጉዳይ ካስተማረኝ ሁሉ ትልቁ፣ የፓኬጅ ፈቃድ የሚባለው ነገር ጸሐፊው የሰጠው መግለጫ ብቻ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ የፈቃድ መፈተሻዎች የሚያነቡት ያንን መግለጫ ነው። ማይምማጂክ 0.3.5ን በእነሱ ብታስፈትሹት «ኤምአይቲ፣ እሺ» ብለው ያሳልፉት ነበር። እንደ ስካንኮድ ያሉ መሣሪያዎች ግን እያንዳንዱን ፋይል ከፍተው አናቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነባሉ። ቀርፋፋ ናቸው፣ የውሸት ማስጠንቀቂያም ያበዛሉ። ግን ያንን የኤክስኤምኤል ማስታወሻ ሊይዝ የሚችለው እንዲህ ያለ ፍተሻ ነው። በየኮሚቱ አይሮጥም፤ አዲስ ዲፔንደንሲ (ፕሮጀክቱ የሚደገፍበት ፓኬጅ) ሲገባና ከትልቅ ሪሊዝ በፊት ቢሮጥ ይበቃል።

ስትፈትሹ ደግሞ ዓይናችሁን ኮድ ባልሆነው ላይ ጣሉ። ፎንት፣ አይከን፣ የቃላት ዝርዝር፣ የአገር ኮድ ሰንጠረዥ፣ ለቴስት የገቡ ናሙና ፋይሎች። ጸሐፊው ኮዱን ራሱ ስለጻፈው ፈቃዱን ያውቀዋል። እነዚህን ግን ከሆነ ቦታ ነው ያመጣቸው። ከስታክ ኦቨርፍሎው (ከፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ገጽ) የተቀዳ ቁራጭ ኮድም እዚህ ይመደባል፤ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ወዲህ እዚያ የሚለጠፈው በክሬቲቭ ኮመንስ ቢዋይ ኤስኤ 4.0 ነው፤ እሱ ደግሞ ከጂፒኤል ቤተሰብ ጋር የሚገጥመው ከቨርዥን 3 ጋር፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ሎክ ፋይል ሲቀየር የፈቃድ ለውጥም እንዲታይ አድርጉ። በሲአይ (ኮድ በተቀየረ ቁጥር በራሱ በሚሮጥ ፍተሻ) ውስጥ የዲፔንደንሲዎችን ፈቃድ ዝርዝር ወደ አንድ ፋይል አውጥቶ ሪፖው ውስጥ ማስቀመጥ በቂ ነው። አፕዴት ሲመጣ ዲፉ (የለውጡ ማሳያ) ላይ «ኤምአይቲ» የሚለው መስመር ወደ «ጂፒኤል» ሲቀየር ሪቪው የሚያደርገው ሰው ያየዋል። ከ0.3.5 ወደ 0.3.6 የተደረገው ዝላይ እንዲህ ባለ ቀላል ነገር ይያዝ ነበር።

ሥራችሁ የሚሰራጭ ነው ወይስ ሰርቨር ላይ ብቻ የሚሮጥ? ይሄ ጥያቄ ከየትኛውም የፈቃድ ሰንጠረዥ በፊት መመለስ አለበት፤ መልሱም በጽሑፍ ይቀመጥ። ዛሬ ሰርቨር ላይ ብቻ የሆነ ነገር የሆነ ቀን አንድ ደንበኛ «እኔ ጋ ጫኑልኝ» ሲል ወደ ስርጭት ይለወጣል። ያን ቀን ጂፒኤሉም አብሮ ይነሳል።

እናንተ ሜይንቴይነር ሆናችሁ ጥሰት ከተነገራችሁ፣ ቅደም ተከተሉ ላይ አስቡበት። ጂፒኤል 2 በክፍል 4 ላይ ጥሰት የፈጸመ ሰው ፈቃዱን ወዲያው ያጣል ይላል፤ ማስተካከያ ጊዜ የለውም። ጂፒኤል 3 ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የጣሰ ሰው ማስታወቂያ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ መብቱ እንዲመለስለት አድርጓል። ቨርዥን 2 ሲሆን ከባለመብቱ ጋር ተነጋግሮ አጭር ቀነ ገደብ በጽሑፍ መቀበል ያንኑ እፎይታ ይሰጣል። በዚያ ጊዜ መተኪያው ይወጣል፣ ማስታወቂያው ይነገራል፣ ከዚያ ያንክ።

የመነጩ ፋይሎችን በተመለከተ ደግሞ ሥራው ጄኔሬተሩ (ፋይሉን የሚያመነጨው ስክሪፕት) ላይ ነው። የሚጽፈው ፋይል አናት ላይ ምንጩ የትኛው ፋይል እንደሆነ፣ የትኛው ቨርዥን እንደሆነና ፈቃዱ ምን እንደሆነ እንዲያስቀምጥ አድርጉት። ለፈቃዱ ኤስፒዲኤክስ (የፈቃድ መረጃ አጻጻፍ መስፈርት) የሚጠቀምበትን አጭር መለያ መጻፍ ይሻላል፤ መለያው «ቨርዥን 2 ብቻ» እና «ቨርዥን 2 ወይም ከዚያ በኋላ» የሚሉትን ይለያል፣ መሣሪያዎችም ያለ ግምት ያነቡታል። ስክሪፕቱ ላይ የሚጨመሩት ሁለት ሦስት መስመሮች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡ በተመነጨ ቁጥር ማስታወሻው አብሮ ይወጣል።